የክፍሉ ወተት ቤት

የወንድሜን የክፍሉን ሞት የሰማሁት የወተት ቆርቆሮዎቹን በሙቅ ውሃ እያጠብኩ ሳለሁ ነው። የምናውቀው ሾፌር ዓደን መጥቶ ሰላም ሳይለኝ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሰላምታ የማይረሳ ሰው ስለሆነ ቀና ብዬ አየሁት።

«እህቴ፣ ውሃውን አስቀምጪው» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«አስቀምጪውና ቁጭ በይ።»

ወንድሜ ከኮሌጁ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ነበር። ከቀበርነው ገና ወር አልሞላም። ለቅሶ የሚመጡ ሰዎች ትምህርቱን እያነሱ ያወሩኛል። እኔ የማስበው ይህን ሱቅ ሊያጣ የደረሰበትን ሳምንት ነው።

አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበርና ክፍሉም እዚያው እንዲገባለት ይመኝ ነበር። ክፍሉ ግን በ1957 ዓ.ም. ተራራው ላይ ካለው የእርሻ ኮሌጅ ተመርቆ ሲወርድ አንድ ማሽን ጭኖ መጣ። እጀታው ሲዞር ቅባቱን ከወተቱ ይለያል። በዚያ ዓመት ኮሌጁ የራሳቸውን ሥራ ለሚጀምሩ ተመራቂዎች ዕቃ ያውስ ነበር። መምህሩ አቶ ተሰማ በየጊዜው ወርደው ያያሉ። ማሽኑ ሲሠራ ካገኙት ይቆይለታል፤ ያለ ሥራ ቆሞ ካገኙት ለሌላ ተመራቂ ይሰጡታል።

ከዚራ ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ተከራየን። ወተቱን ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ማዶ ካሉ መንደሮች ሴቶች ያመጡልናል። ቅቤውን ለሆቴሎች፣ የቀረውን ወተት ለሻይ ቤቶች እንሸጣለን። ክፍሉ ሲፈጥረው ስጉ ነው። ምሳ ሲበላ እንኳ አንድ ጆሮው ደጅ ነበር።

ወተት ሲመጣ በማንኪያ ቀድቶ በላምባ ምድጃ ላይ ያፈላዋል። ከተበጣጠሰ አይቀበልም። ሴቶቹ ይስቁበት ነበር።

«ዶክተር፣ በሽተኛዬ ዛሬ እንዴት ነው?» ትለዋለች ከሴቶቹ አንዷ ኻድራ።

«ትኩሳት የለውም» ይላታል።

በግንቦት አንድ ማለዳ፣ ከሴቶቹ በዕድሜ ትልቋ፣ አክብረን «አዴ» የምንላት ሻሚስ ያመጣችው ወተት ማንኪያው ላይ ተበጣጠሰ።

«አዴ ሻሚስ፣ ይህን መቀበል አልችልም» አላት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉም ያለው አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ብሸጠው ሰው ያማል።»

ቆርቆሮዋን ተሸክማ ወጣች። በማግስቱ ወተት ይዞ የመጣ የለም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

ነገሩን የነገረን ዓደን ነው፤ የእሱም ቤት እነሱ መንደር ነው። ሴቶቹ ወተታቸውን አንድ ላይ አጠራቅመው በተራ ይሸጣሉ። የዕለቱ ባለተራ የሁሉንም ላሞች ወተት ይዛ ትወርዳለች፤ ገቢውም የእሷ ብቻ ነው። በማግስቱ ደግሞ የሌላዋ ይሆናል። ክፍሉ ወተቱን የመለሰው ሻሚስ የልጇን የሰርግ ዕቃ ልትገዛበት ስትጠብቀው በኖረችው ተራ ነበር።

ዓደን ይህን የነገረን ሐሙስ ነው። አቶ ተሰማ የሚመጡት ቅዳሜ። ክፍሉ ያለ ሥራ የቆመውን ማሽን ደጋግሞ ይወለውል ጀመር።

«እትዬ፣ መንደራቸው አብረሽኝ ሂጂ» አለኝ። «ብቻዬን ከሄድኩ ያባርሩኛል።»

የደቻቱን አሸዋ ስንሻገር የሚላቸውን ለራሱ ይለማመድ ነበር። ሻሚስ ላሟን እያለበች አገኘናት። አልተነሳችልንም።

«የተበላሸው የማን ላም ወተት ነው?» አለችው።

«አላውቅም።»

«እኛም አናውቅም። ታዲያ ጉዳቱ ለምን እኔ ላይ ብቻ ወደቀ?»

«እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ብታመጡ እኮ...»

አጠገቧ የነበረችው ኻድራ ሳቀች። «የእኔ ላም የምትሰጠኝ ሁለት ብርጭቆ ነው። ለሁለት ብርጭቆ ከተማ ልውረድ? እናንተ ኮሌጅ ያለው ላም ነው ቧንቧ?»

ክፍሉ ከሻሚስ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ከዚያ፣ «እንግዲያው ወተት የተመለሰበት ቀን ከተራ አይቆጠር» አላቸው። «ባለተራዋ በማግስቱ ደግማ ትምጣ። አዴ ሻሚስም ተራዋን ገና አልበላችም።»

«ማንኪያውስ?» አለች ሻሚስ።

«ማንኪያውን አልተውም።»

እሺም እምቢም አላሉትም። ሻሚስ ወደ ላሟ ዞረች፤ እኛም ተመለስን።

ቅዳሜ አቶ ተሰማ በጠዋት ደረሱ። ጣታቸውን ደረቁ ማሽን ላይ አሳለፉ።

«ወተቱስ?»

«ይመጣል» አለ ክፍሉ።

ባቡሩ ጮኾ ሄደ። ቆርቆሮ ጣራው መጋል ጀመረ። እየረፈደ ሲሄድ ጭንቃችን ሁለት ሆነ፤ ሴቶቹ እንዳይቀሩ፣ ቢመጡም ሙቀቱ ወተቱን እንዳያበላሸው። አቶ ተሰማ ሰዓታቸውን አዩ። ክፍሉ ምድጃውን ለኩሶ መልሶ አጠፋው።

ሻሚስና ኻድራ አብረው ገቡ። ሻሚስ ቆርቆሮውን አሳርፋ እጇን ዘረጋች።

«ማንኪያውን ስጠኝ።»

ክፍሉ ምድጃውን ለኮሰላት። ራሷ ቀድታ እሳቱ ላይ ያዘችው። ወተቱ ጫፍ ጫፉን አረፋ አወጣ፣ ገነፈለ፣ ሳይበጣጠስም ቀረ።

«ይህ ሁሉ የማን ነው?» አሉ አቶ ተሰማ።

«የአዴ ሻሚስ» አለ ክፍሉ።

«ስንት ላም አላት?»

«አንድ።»

አቶ ተሰማ ሙሉውን ቆርቆሮ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይህችን ላም ለኮሌጁ ብትሸጥልንስ?»

«ትምህርት አትወድም» አለች ኻድራ።

ክፍሉ ወተቱን ገልብጦ እጀታውን ማዞር ጀመረ። ማሽኑ እኛ ዘንድ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ የማሽኑን የውሰት ውል ለማሳደስ በየዓመቱ ወደ ኮሌጁ ይወጣ ነበር። ሊሄድ ሲል ሁልጊዜ እህል አይወርድለትም፤ ሲመለስ ግን ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ፈቀዱልን» ይለኛል። ዘንድሮ ምን እንዳሉት አላውቅም።

ሴቶቹ ወተቱን አላቋረጡም። በማንኪያ የማፈላውም፣ እጀታውን የማዞረውም አሁን እኔ ነኝ። ማሽኑን ግን ያዋሱት ለኮሌጁ ተመራቂ ነው፤ እኔ የኮሌጁን ደጅ ረግጬ አላውቅም። ይተዉልኝ እንደሆነ ወጥቼ አቶ ተሰማን መጠየቅ አለብኝ። እስካሁን አልሄድኩም።