ለእማማ ዘነበች ያቀረብኩት ካስተርድ

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴን ውሃ በጠጣች ቁጥር ትን እያላት ስለተቸገረች ታኮማ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ተራ ስንጠብቅ የምንሞላው ቅጽ ሰጡን። መሃሉ ላይ «በሃይማኖትዎ ምክንያት የማይበሉት ምግብ አለ?» ይላል። እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ቆመ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሲያትል ውስጥ፣ የአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከምኖርበት ሰፈር ከዋይት ሴንተር በዚያ በማያባራ ዝናብ አውቶቡስ ይዤ እመጣና የበሽተኞችን ምግብ በጋሪ አድላለሁ። አማርኛ የሚችል ሲፈለግ ደግሞ ሽርጤን አውልቄ አስተርጓሚ እሆናለሁ። ያን ቀን ማን ይችለኛል!

በሁዳዴ አጋማሽ ወደ እማማ ዘነበች ተጠራሁ። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ያደከመባቸው፣ ሰባ ያለፋቸው እናት ናቸው። አዋዋጣቸውን የምትመረምረው ሊንዳ ውሃ፣ ካስተርድ የሚሉትን ወፈር ያለ ጣፋጭና ብስኩት ደርድራለች። ውሃው ትን አላቸው። ካስተርዱን በማንኪያ ስታቀርብላቸው ግን አፋቸውን ገጠሙ።

«ልጄ፣ የጾም ነው?» አሉኝ።

ወተትና እንቁላል እንዳለበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጠዋት በየሳህኑ የሞላሁት እኔው ነኝ። ሊንዳ ሰዓቷን ታያለች። እኔ ደግሞ አዲስ ጴንጤ ነኝ፤ ከወተት መጾም ከንቱ ልፋት ይመስለኝ ነበር።

«አዎ እማማ፣ የጾም ነው።»

«አንተ ካልክ» ብለው ጎረሱ። በሰላም ወረደላቸው። ሊንዳ ደስ ብሏት በቀን ሦስት ጊዜ እንዲሰጣቸው ጻፈች። እስከ ፋሲካ ያመላለስኩትም እኔ ነኝ።

የፋሲካ ለት በደህናው እጃቸው ጉንጬን ዳሰሱኝ። «ሰውነቴ ሁሉ ከዳኝ፤ ጾሜን ግን አልገደፍኩም። አንተ ነህ የጠበቅክልኝ፤ ጠባቂ አያሳጣህ» አሉኝ።

አሜን አልኩ።

ነገሩ አላስቀምጥ ሲለኝ ለሊንዳ ተናዘዝኩ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለምን አልነገርከኝም? ትን እንዳይላቸው እኔ የምፈልገው ውፍረቱን ብቻ ነበር። እንዲህ ወፈር ያለ ምግብ ከአተርም ይሠራ ነበር እኮ» አለችኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። እማማ ፌደራል ዌይ ከተማ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ እሄዳለሁ፣ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስለግም በበጋው አረፉ። ለታመመ ጾም መግደፍ ይፈቀዳል ብለው ያጽናኑኝ ኦርቶዶክስ ወዳጆች አሉ። ፈቃዱን ከንስሐ አባታቸው መጠየቅ ግን የእሳቸው ፋንታ ነበር። ያንን ነው የነጠቅኳቸው፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ምን ይዞህ ነው?» አለች ባለቤቴ ቅጹን እያየች። «እኔ ምን የማልበላው አለ? የለም በልና ስጣቸው።»

አርባ ዓመት አብሬያት በልቻለሁ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ሆኖም ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላት።

«የለም» አለች።

ያኔ ጻፍኩ።