ዳሌዬን የሰበረው የመኪና በር

የመጀመሪያው ምልክት ብርድ ነበር። ግራ ብሽሽቴ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰ መሰለኝ። ሕመሙ የመጣው ቆይቶ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ በመኪና ተመትቶ የወደቀ ሰው "አላመመኝም" ብሎ እንዳይታለል ነው። እኔ ተታልያለሁ፤ እኔን የሚያታልል ነገር ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ደሴ እባላለሁ፤ የኮሶበር፣ የዛሬዋ እንጅባራ፣ ሰው አያ ደሴ ይለኛል። ሰባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለቀምኩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው፤ ሬዲዮ መጠገን ራሴን አስተምሬያለሁ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉንም ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። በጉብዝናዬ ጉግስ የሚገጥመኝ አልነበረም። ጉልበቴ ፈረስ አልችል ሲል ወደ ብስክሌት ዞርኩ፤ በብስክሌትም ቢሆን በእንጅባራ አስፋልት ላይ ከእኔ የተሻለ አላየሁም።

ያን ቀን ጠዋት ከገበያ ወደ ቤቴ ቁልቁል እወርድ ነበር። ቀኜን ይዣለሁ። አንድ ፒክአፕ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሟል። አሽከርካሪው ስልክ ያወራል። ልደርስበት ስል በሩ ወደ መንገዱ ተከፈተ።

ፍሬን ያዝኩ። አልደረሰልኝም።

የበሩ ጠርዝ ቀኝ እጄን ከመሪው ጋር አጣብቆ መታው። ትንሿ ጣቴ እስከ አጥንቷ ተላጠች። ብስክሌቱ ተገትሮ ቀረ፤ እኔ ተወረወርኩ። መጀመሪያ አስፋልቱን የመታው ግራ ዳሌዬ ነው። ከዚያ ጭንቅላቴ። አፌ ውስጥ ጥርስ ተንከባለለ። ከኋላ የመጣ ባጃጅ ፍሬኑ ጮኸ። ጎማው ጆሮዬ ሥር ቆመ። ሙቀቱ ፊቴን ፈጀኝ።

ሰው ሮጠ። ወደ እኔ የመጣው ግን ጥቂቱ ነው። የቀረው አሽከርካሪውን ጎትቶ አወጣው። አፉን በቡጢ አሉት። አንዱ ፀጉሩን ይዞ ግንባሩን ከዚያው በር ጋር አጋጨው። ልጁ "አላየኋቸውም! በእናቴ አላየኋቸውም!" ይላል። ደሙ በአፍንጫው ይወርዳል። አንድ ሰው ድንጋይ ሲያነሣ አየሁ።

"ተዉት!" አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ተነሣሁ።

ይህን ለአገሩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ በፈረሰኞቹ ዘንድ ከፈረስ የወደቀ ሰው፣ ደጋፊ ሳይደርስበት ተነሥቶ መልሶ ይወጣል። ሌላ ሰው ያነሣው እንደሆነ ግን በየሠርጉና በየለቅሶው መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ በተሰበረ ዳሌ ቆምኩ። ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። ድንጋይ ያነሣው ሰው ድንጋዩን ጣለው። "ምንም አልሆንኩም፤ ልጁን ልቀቁት" አልኩና ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ቁልቁለት ስለሆነ ፔዳል መምታት አላስፈለገኝም። ከኋላዬ አጨበጨቡልኝ።

ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ የዘይነባ ሱቅ አለ። ዘይነባ ስኳርና ዘይት ትሸጣለች፤ ምላሷ ስለታም የሆነ የረጅም ጊዜ ጎረቤቴ ናት። ደጃፏ ላይ ለመቆም ግራ እግሬን አወረድኩ።

ቀጭ አለ።

እግሬ ከሥሬ ጠፋ። ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ስኳር ጆንያ ላይ ተጋድሜያለሁ፤ ዘይነባ ጣቴን በሻሿ ጠቅልላ በአገውኛ ትሰድበኛለች።

በአምቡላንስ ባሕር ዳር ወሰዱኝ። በየጉድጓዱ አጥንቴ ሥጋዬን ይወጋዋል። እዚያ ኤክስሬይ ተነሣሁ። ስብራቱ ፌሞራል ኔክ ፍራክቸር ይባላል፤ የጭን አጥንት አንገት መሰበር ማለት ነው።

"አባቴ፣ በዚህ እግር ብስክሌት ነድተው ነበር የሚሉት እውነት ነው?" አለኝ ሐኪሙ።

"ፈረሰኛ ነኝ" አልኩት።

"እንዲያውም ሲወድቁ የተሰነጠቀው አጥንት ተቆላልፎ ነበር ያቆመዎት። ዝም ብለው ቢተኙ በብሎን እንይዘው ነበር። አሁን ቦታውን ለቆ ሄዷል። በብረት እንተካዋለን።"

ትንሿን ጣቴን ቆረጧት። ከዚያ ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ፤ ስፓይናል ይሉታል። አያምም። ግን ይሰማል። መጋዙን ሰማሁ። መዶሻውን ሰማሁ። በየምቱ ሰውነቴ አልጋው ላይ ይንሸራተታል። የራሴን በር የሚሰብሩብኝ መሰለኝ። አልጮህኩም።

ከአልጋ ሳልወርድ አሽከርካሪው ከሽማግሌዎች ጋር መጣ። ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። እግሬ ሥር ሊደፋ ሲል ከለከልኩት፤ ይቅር አልኩት። ሽማግሌዎቹ "እንግዲህ ክስም የለም ማለት ነው?" አሉ። ይቅርታው ለልጁ ነው፣ ካሣው የመኪናው ባለቤት ጉዳይ ነው፣ ያቀረቡልኝን 'አልከስም' የሚል ወረቀትም አልፈርምም አልኳቸው። ባለቤቱ የአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ነጋዴ ነው። በሕጋችን ባለ መኪና፣ የራሱ ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ጠበቃ አልያዝኩም። ክሱን ራሴ ጻፍኩት፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ እንኳ የማን እጅ እንደሆነ ጠይቋል።

የባለቤቱ ጠበቃ ሁለት ነገር አነሣ። አንደኛ፣ መኪናው ቆሞ ነበር፤ ሄደው የገጩት ከሳሹ ናቸው አለ። "መኪናው ቆሞ ነበር፤ በሩ ግን እየሄደ ነበር" አልኩ። ዳኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። የትራፊክ ፖሊስ ቦታው ላይ ያነሣው የአደጋ ፕላንም በሩ መንገዱን ዘግቶ እንደነበር ያሳያል።

ሁለተኛው ግን ያዘኝ። "ከሳሽ ተነሥተው፣ ደህና ነኝ ብለው፣ ብስክሌት ነድተው ሄደዋል። ዳሌያቸው የተሰበረው ሱቅ ደጃፍ ላይ ደፍ አደናቅፏቸው ሲወድቁ ነው። ከተማው ሁሉ የሚያወራው ይህንን ነው" አለ።

እውነት ነው፤ ከተማው ይህን ያወራ ነበር። እኔም ዝም ብዬ ነበር። ምክንያቱም ደፍ አደናቀፈው መባል፣ በዚያ ደጃፍ ላይ በእርግጥ ከሆነው ይሻላል ብዬ ነው። ዘይነባንም "አደራ፣ እንዳታወሪ" ብያት ነበር። አሁን ዝም ካለች ካሣዬም መታከሚያዬም ይቀራል። ከተናገረች ደግሞ አዳራሹን የሞሉት በጉግስ የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው።

ዘይነባ ምላ ቆመች። ከመናገሯ በፊት ወደ እኔ ዞራ "አያ ደሴ፣ ልናገር?" አለችኝ።

ዳኛዋ "ምስክር፣ ከከሳሽ ጋር አይነጋገሩ" አለቻት።

እኔ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ደፍ የለኝም፤ ሱቄ ከመንገዱ እኩል ነው" አለች። "ሲመጡ ግራ እግራቸው ከነጫማው ወደ ውጭ ተጣሞ ነበር። እግራቸውን ሲያወርዱ አጥንቱ ሲጮህ ሰማሁ። መሬት አልነኩም። እኔ ነኝ ያቀፍኳቸው። እንደ ሕፃን አቅፌ ጆንያው ላይ አስተኛኋቸው። 'እማዬ' ብለውኛል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጀርባዬን አቀናሁ።

ሐኪሙ የሰጠው ማስረጃ ቀጥሎ ተነበበ፤ ግራ ዳሌዬ ላይ የነበረው ሰፊ ሰንበርና የአስፋልት ጭረት ከከባድ ውድቀት የመጣ መሆኑን ይገልጻል። በእቅፍ ውስጥ የወደቀ ሰው አስፋልት አይጭረውም። ባለቤቱ ተረታ፤ ሕክምናዬን የመኪናው መድን ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀስ ያለ ነው። በፊዚዮቴራፒ መጀመሪያ በዎከር፣ ቀጥሎ በክራንች፣ አሁን ደግሞ ራሴ ከዋንዛ በጠረብኩት ከዘራ እየተራመድኩ፣ በየጠዋቱ ከቤቴ እስከ ዘይነባ ሱቅ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት እወጣለሁ እወርዳለሁ፤ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅም በእኔ ዕድሜ እንዲህ የተራመደ ታካሚ እንዳላጋጠማት ነግራኛለች፤ ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ። ብርድ ሲሆን ብረቱ ይሰማኛል። የሌለችው ጣቴም አንዳንዴ ታሳክከኛለች።

ሐኪሙን፣ የባጃጁን ነጂ ፈጣን እግር፣ ከሁሉ በላይ ዘይነባን አመሰግናለሁ። በደጇ ሳልፍ ዛሬም ሁለት እጇን ዘርግታ "ይምጡ፣ ልያዝዎት?" ትለኛለች፤ ደንበኞቿ ይስቃሉ።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ብስክሌት ስትነዱ ከቆመ መኪና የአንድ በር ስፋት ራቁ። መኪና ውስጥ ያላችሁ፣ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ወደ ኋላ እዩ። ከተመታችሁ፣ የትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ መኪናውም ብስክሌቱም አይነሣ፤ ሽማግሌ ይቅር በሉ ሲላችሁ ይቅር በሉ፣ ወረቀት ሲያቀርብላችሁ ግን አንብቡ። ከሁሉም በፊት ግን አትነሡ። እኔ በተሰበረ ዳሌ ቁልቁለት ወርጃለሁ፤ ከእኔ በኋላ ይህን ማሳየት የሚያስፈልገው ሰው የለም። ተኙ። ሊያቅፋችሁ የመጣ ሰው ካለ ይቀፋችሁ።