ያለ ስልክ የምታወራ ልጅ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ቲማቲም እየለየሁ ነበር። የላላውን ለብቻ፣ ጠንካራውን ለብቻ። ያን ጊዜ ከተማችን መርሳ መብራት የላት፣ ኔትወርክ የላት፣ መንገዱም ወዲህም ወዲያም ተዘግቷል። ገበያ ግን አይቀርም፤ ሰው ይበላል። ከተማዋን ከያዙት ታጣቂዎች ሦስቱ ገቡና አንደኛው፣ «ስልኩን አምጪ» አለኝ። ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ባትሪው ከሞተ ሰንብቷል። አገላብጦ አየውና ቲማቲሙ ላይ ወረወረው።

«ይህን አይደለም። የሳተላይቱን።»

የሳተላይት የሚባል ስልክ መኖሩን የዚያን ዕለት ሰማሁ።

ቤቱን ገለባበጡት። ማሽላውን ደፉት፣ ፍራሹን ቀደዱት፣ ልጄ የምትተኛበትን ጥግ የከለለውን መጋረጃ ገነጠሉት። ከመጋረጃው ጀርባ ያገኙት አንድ መስታወት ነው። መስታወቱንም ከግድግዳው ነቅለው ጀርባውን አዩ።

«ልጅሽስ የት አለች?»

«ገጠር፣ አክስቷ ጋ ናት» አልኩ።

አክስቷ ጋ አልነበረችም።

ያስገቡኝ ከከተማው ዳር ያለ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ውኃ ሲጠጡ እንኳ ከውኃው ጋር ይወርዳል። መስኮት የለውም። ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር በማይገጥምበት በኩል ቀጭን ብርሃን ይገባል። በር ላይ ፈተሹኝና መቁጠሪያዬን፣ ተስቢሄን፣ ከእጄ ላይ ወሰዱት። ውስጥ ባዶ ጆንያ አንጥፈው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከተማ፣ የግራና ሰው ናቸው። ወንድ ልጃቸው የት እንደገባ ንገሩን ቢሏቸው፣ «እኔ ወለድኩት እንጂ አላሰርኩት» ብለው ነው የታሰሩት።

«አንቺንስ ምን አደረግሽ አሉሽ?»

«ልጅሽ በእንግሊዝኛ ታወራለች አሉኝ፣ እማማ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዋን።»

ትንሽ አዩኝና፣ «እሱስ ያሳስራል» አሉ።

ነገሩን ለእሳቸው ማስረዳት ጀመርኩ፤ ለራሴም በደንብ ሳይገባኝ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ አጥታ ተቀመጠች። ስትጽፍ ስትጽፍ አንድ የውጭ አገር ትምህርት ቤት በነፃ እናስተምርሽ አላት። ብቻ እንግሊዝኛ መቻልሽን የሚመሰክር የፈተና ውጤት አምጪ አላት። ይህ ነገር እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ልጅቱ የተማረችው በእንግሊዝኛ፣ ዲግሪዋ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፤ ተመልሶ እንግሊዝኛ ትችያለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ማለት ነው? ደግሞ ብታልፈውም ውጤቱ ሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ከዚያ ይበላሻል። እንግሊዝኛ ቲማቲም ነው እንዴ?

ከፈተናው ሁሉ ያስቸገራት የመናገሩ ነው። ርእስ ይሰጡሻል፣ ሁለት ደቂቃ ብቻሽን ታወሪያለሽ፣ ፈታኙ ዝም ብሎ ይሰማል። እሺም አይልም፣ እንዴትም አይል። የኛ ሰው ሲያወራ እንኳን ዝም ሊባል፣ «እህ? ከዚያስ?» እየተባለ ነው። ልጄም ዝም የሚል ሰው ብታጣ መስታወት ፊት ቆመች። ሁለቱን ደቂቃ የሚለካላት ስልኳ ነበር። መብራቱ ጠፍቶ ስልኩ ሲሞት፣ «እማ፣ አንቺ ሰዓት ሁኚልኝ» አለችኝ። ስልኩ ደህና ሳለ ለክተነው ነበርና አንድ ዙር ተስቢህ ሱብሃነላህ ሲሞላ ሁለት ደቂቃዋ እንደሚሞላ አውቃለሁ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ እቆጥራለሁ፣ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ታወራለች። ዙሩ ሲያልቅ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ ትቆማለች። ከዚያ እንደገና።

ጎረቤት መጀመሪያ ጂን ይዟታል አለ። «ሼሁ ጋ ውሰጃት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብለው መከሩኝ። ሳቅኩ። ኋላ ከመካከላቸው አንዱ ጂኑን ትቶ ስልክ ነው አለ። ማን እንዳለ አላውቅም፤ ባውቅም ዛሬ አይረባኝም።

የፈተናው ቀን ደግሞ አስቀድሞ ተቆርጧል። ፈተናው አዲስ አበባ ነው። ያን ቀን ካለፈች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ፈታኞቹ በስልክ አይገኙ፣ ቆዩኝ አይባሉ። አንድ ማለዳ ወደ ቆላ ከሚወርዱ ግመል ነጂዎች ጋር በአፋር በኩል ሸኘኋት። ወደ መንግሥት ወገን የተሻገረ ሰው በታጣቂዎቹ ዘንድ መረጃ አቀባይ ነው። እሷ ገና መንገድ ላይ ሳለች ነው እኔን የያዙኝ። እንግዲህ ስልክ የለም፣ ፈተና ነው ብዬ ባስረዳ፣ ፈተናው የት ነው ይሉኛል። አዲስ አበባ ካልኩ በየት በኩል ሄደች ይሉኛል። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ልጄን ማስያዜ ነው።

አሮጊቷ ይህን ሁሉ ሰምተው አሰቡና፣ «አንቺ፣ ዛር ነው በያቸው» አሉኝ። «ዛር እንደሆነ በሰው አገር ቋንቋ ያናግራል። ዛርን ማን ያስራል?»

«ልጄን እብድ ላስብላት፣ እማማ?»

«ሰላይ ከምትባል!»

ልክ ነበሩ። ግን አላደረግኩትም። ያን ያህል ዙር የቆጠርኩላትን ልጅ፣ ዛሬ እኔው እናቷ እብድ ናት ማለት አልሆነልኝም።

በማግስቱ ማዳበሪያው ይመዘንበት ወደነበረው ክፍል ወሰዱኝ። ከጠረጴዛ ኋላ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ትልቁ ጮሆ የሚናገር ነው። ሌላው ወጣት ነው፤ የመነጽሩ እጀታ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል።

«ስልኩ የት ነው?» አለ ትልቁ።

«ስልክ የለም። ፈተና እያጠናች ነው።»

«የምን ፈተና?»

«የመናገር።»

«ማን ፊት ነው የምትናገረው?»

«መስታወት ፊት።»

«ሴትዮ፣ ትቀልጃለሽ!» ጠረጴዛውን መታው። እውነት እንደዚያን ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ውሸት ብዋሽ ኖሮ ቢያንስ አሳምሬ እዋሽ ነበር።

ወጣቱ ቀስ ብሎ፣ «እናት፣ ስታወራ ምን ትል ነበር?» አለኝ።

«በምን አውቄ?»

«ትርጉሙን አይደለም። የሰማሽውን።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣቶቼ በሌለው ተስቢህ መቁጠር ጀመሩ። ያኔ የልጄ ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ መጣልኝ። «ማይ ማዘር» ብዬ ጀመርኩ። እኔ መሆኔን አውቃለሁ፤ «ማዘር» የማያውቅ ሰው የለም። ትንሽ ሄድ ብሎ «ዩኒቨርሲቲ» የሚል አለበት። እሱንም አውቀዋለሁ። እናቴ ቲማቲም ሽጣ እዚህ አደረሰችኝ የምትል ነበር የሚመስለኝ። አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ እቆጥራለሁ። የቀረውን እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ፣ ሳይገባኝ፣ በዜማው አወረድኩት።

«ምንድነው የምትለው?» አለ ትልቁ።

ወጣቱ ተረጎመለት። «እናቴ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት ትላለች። ማታ ማታ መጽሐፍ ታነብልኛለች። በእረፍት ጊዜ በባቡር ወደ ባሕር ዳርቻ እንሄዳለን።»

«ይኸው!» ትልቁ ከወንበሩ ተነሣ። «ቲማቲም ሻጭ ነኝ አላልሽም? መምህር ነሽ ወይስ ነጋዴ?»

ፍርሃቱ ለትንሽ ጊዜ ጠፍቶብኝ እልህ ያዘኝ። ያን ሁሉ ምሽት የቆጠርኩት ለሌላ ሴት ነበር። ባቡር! እኔ ባቡር አይቼ አላውቅም። እጄን አየሁት፤ ጣቴን ያጠቆረው የቲማቲም ቅጠል ገና አልለቀቀም።

«የፈተናዋ እናት መምህር ናት» አልኩት። «የታሰረችው ግን እኔ ነኝ።»

ወጣቱ አልሳቀም። «ከዚያስ?» አለኝ። «ከባቡሩ በኋላ ያለውን።»

«ጠፋኝ።»

ያኔ እሱ ራሱ ቀጠለው። በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ልጄ የምትተነፍስበት ቦታ ላይ ይተነፍሳል፣ የምትፈጥንበት ላይ ይፈጥናል። የት እንደሚያልቅ ስለማውቅ፣ ሲያልቅ ጉሮሮዬን ልጠርግ ትንሽ ቀረኝ።

«ከመጽሐፍ ነው» አለው ትልቁን። «የሚያጠና ሁሉ ይሸመድደዋል።»

«አንተም?» አልኩት፤ ከየት እንደደፈርኩ እንጃ።

«እኔም።»

«እናትህ መምህር ናቸው?»

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ማሽላ ታርማለች» አለኝ።

ትልቁ ግን አልለቀቀም። «እሺ፣ ፈተና ነው እንበል። የት ነው የሚፈተኑት?»

የፈራሁት መጣ። ዓይኔን ግድግዳው ላይ ወደተንጠለጠለው ሚዛን አዞርኩ። ወጣቱ አየኝ። የሚፈተኑበትን ከተማ ያውቃል። ያን ያህል የሸመደደች ልጅ አክስቷ ጋ ተቀምጣ እንደማትቀርም ያውቃል። ዓይኑ ላይ አየሁት፤ ገብቶታል።

«መንገድ ተዘግቶ የምን ፈተና?» አለ። «ቀርቷል በቃ። ልጅቷ አክስቷ ጋ ናት። ስልክም የለም።»

ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም። «መልሷት» አለ።

ወደ ቤቴ መስሎኝ ነበር። መጋዘኑ ነው። ስልክ የለም ተብሎም መታሰሬ አልቀረም። የሚፈታ ሌላ ነው፣ እሱ ደግሞ ወልድያ ሄዷል አሉኝ። ስልክ አለሽ ብሎ ለማሰር ማንም ይበቃል፤ የለሽም ብሎ ለመፍታት ሰው ይጠፋል። ወደ ቆላ በኩል ከባድ መሣሪያ በተተኮሰ ቁጥር እማማ ቀና ብለው እኔን ያዩኛል፤ እኔ ወለሉን አያለሁ።

ወሬው ጠባቂዎቹ ዘንድ ደረሰ። ቲማቲም ሻጯ በእንግሊዝኛ ትናገራለች ተባለ። አንድ ከሰዓት በኋላ በር ላይ የሚቆመው ጠባቂ ጓደኞቹን ሰብስቦ በሩን ከፈተው። ተስቢሄን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል።

«ፈረንጇ! እስቲ ያችን ነገር ልቀቂያት። ብትይልን ይህን እሰጥሻለሁ።»

ተስቢሁ የእናቴ ነበር። አፌም ሊከፈት ቃጣው፤ ምን አለበት፣ ሁለት ደቂቃ ነው። አሮጊቷ ያዩኛል።

«ያ የፈተና ነው» አልኩት። «የጨዋታ አይደለም።»

«ተስቢሁን አትፈልጊም እንዴ?»

«ያዘው። ዚክር አድርግበት፤ ለአንተም ያስፈልግሃል።»

ጓደኞቹ በእሱ ሳቁበት። በሩን በኃይል ዘጋው። እማማ ጆንያቸውን አስተካክለው፣ «ደግ አደረግሽ» አሉኝ፤ ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ዛር ብትይ ኖሮ ግን እስካሁን ቤትሽ ነበርሽ።» የዚያን ዕለት በጣቴ አንጓ ቆጠርኩ። ልጄም የሆነ ቦታ እየተራመደች ነው ብዬ፣ ለእሷ።

አንድ ጠዋት በሩን ከፍተው ሂዱ አሉን። ለምን እንደታሰርን በወጉ ያልነገሩን ሰዎች ለምን እንደለቀቁንም አልነገሩንም። ቲማቲሙ በስብሶ ቤቱን አሽትቶት ጠበቀኝ።

ልጄ ደርሳ ተፈትናለች። አልፋለችም። ግን መንገድ ተከፍቶ፣ ወረቀቱ ከዚህ ቢሮ እዚያ ቢሮ ሲንከራተት፣ ትምህርት ቤቱ ቦታውን ለሌላ ሰጠ። ሌላ ስትፈልግ ሁለቱ ዓመት አለቀ። ውጤቱ ተበላሸ። ያን ያህል አገር በእግሯ አቆራርጣ ያመጣችው ውጤት! ለዚህ ለማን ይጮሃል? አሁን እንደገና ተመዝግባለች። አዲስ መጋረጃ ሰቅያለሁ። መብራትም አለ፣ ስልኩም ይሠራል፤ እሷ ግን፣ «እማ፣ አንቺ ቁጠሪልኝ፤ የስልኩ ጩኸት ያስደነግጠኛል» ትላለች። በጣቴ አንጓ እቆጥራለሁ። ከዚያ ወዲህ ተስቢህ አልገዛሁም።

በቀደም «ማይ ማዘር» ብላ ስትጀምር፣ ዙሩ ሳያልቅ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አላለቀም እኮ፣ እማ።»

«ያችን መምህር ተያት» አልኳት።

መጋረጃውን ገለጠች። የምርመራውን ነገር ነግሬያት ስለነበር ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። መጽሐፉ ላይ ያለችው እናት ናት።»

«እኔስ የት ላይ ነኝ?»

«እማ፣ እናቴ ቲማቲም ትሸጣለች ብዬ ብጀምር ከዚያ በኋላ ምን እላለሁ? ሁለት ደቂቃ አይሞላልኝም።»

«ጀምሪ። እኔ እቆጥራለሁ።»

መጋረጃው ተመለሰ። ጀመረች፣ ተደናቀፈች፣ እንደገና ጀመረች። እንደ መጽሐፉ አይወርድም፤ ቃል ትፈልጋለች፣ ትቆማለች፣ ታገኛለች። «መርሳ» ስትል ሰማሁ። «ተስቢህ» ስትል ሰማሁ። አውራ ጣቴ የመጨረሻው አንጓ ላይ ደረሰ።

እሷ አልጨረሰችም። ፈተና ቢሆን ያስቆሟታል። እኔ ጉሮሮዬን አልጠረግሁም።