ላብ ያጠበው ክሬም

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ መክሊት ከጓደኞቿ ጋር ድሬዳዋ ወርዳ ልትዋኝ ቀጠሮ ይዛ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም እንድመርጥላት ወደ ፋርማሲዬ መጣች። ዛሬ መደርደሪያው ምርጫ አላጣም፤ በቱቦ ያለው፣ የሚነፋው፣ ለሕፃናት ተብሎ ለብቻው የሚሸጠው፣ ሁሉም አለ። መክሊት አንዱን ከፍታ አሸተተች።

«አክስቴ፣ ይሄን ልውሰድ። ሽታው ደስ ሲል!»

«ሽታው ፀሐይ አይከላከልም። ገልብጪና ጀርባውን አንብቢ። ውሃ ይቋቋማል ይላል? የሚል ከሆነስ ለስንት ደቂቃ?»

«ይሄን የጉንዳን እግር የመሰለ ጽሑፍ ማን ያነባል?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ፊቴን አይታ «ምነው?» አለችኝ። ደንበኛ የሳሳበት ቀትር ነበርና ወንበር አቀረብኩላትና ነገርኳት። ለሰው ስነግረው የመጀመሪያዬ ነበር።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። በፋርማሲ ዲፕሎማዬን ይዤ ከኮሌጅ ከወጣሁ ስድስት ወር ቢሆነኝ ነው። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት፣ ቁስል በማጠብና መርፌ በመውጋት የጨረሱ ሰው፣ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ ጠባብ መድኃኒት ቤት ነበረቻቸው። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ እቆማለሁ፤ እሳቸው ከበስተኋላ ባለችው ክፍል ተቀምጠው ዕቃ ይመዘግባሉ ወይም ያንቀላፋሉ። ነጭ ጋወኔን ማታ ማታ በካውያ እተኩሰው ነበር። እሱን ለብሼ ስቆም ቁመቴ ራሱ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። ከገጠር የሚመጡት ገበያተኞች ጋወን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ነበር የሚሉት። እኔንም ዶክተር አሉኝ። አንዳቸውንም አላረምኩም።

መስከረም ነበር። ዝናቡ ወደ ኋላ እያለ፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ መስሎ፣ ፀሐይዋ ያለ ደመና የምትወርድበት ወቅት። በየቅያሱ በለስና ዘይቱን የሚሸጡ ሴቶች ግድግዳው የሚጥለውን ጥላ ተከትለው በየሰዓቱ ቦታ ይቀይራሉ። አንድ ቅዳሜ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ሽንኩርታቸውን ሸጠው የተመለሱ፣ ከከተማው በታች ካለው ከኤረር ሸለቆ የመጡ አንድ ገበሬ ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸው ላይ የአፈር አቧራ ያለባቸው ሰው ናቸው። አቶ ዩስፍ ይባላሉ።

«ዶክተር፣ የፀሐይ መድኃኒት አላችሁ?»

«ለማን ነው?»

አገጫቸውን ወደ በሩ ቀና አደረጉ። በሩ አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ፣ በሻርፕ የተሸፈነች ልጅ ቆማለች። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሽፋሽፍቷ እንደ ገለባ ነጭ ነው፤ ጉንጮቿ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶባቸዋል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ቆዳና ፀጉር ያለ ቀለም የሚፈጠሩበትን፣ አልቢኒዝም የሚባለውን ነገር ከመጽሐፍ ነበር የማውቀው፤ ሰው ላይ በቅርብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። በዚያች ቅጽበት ሁለት ሦስት ልጆች በመንገዱ አለፉና «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» አሉ። ልጅቷ ፊቷን ሳታዞር በሐረሪኛ አንድ ነገር መለሰችላቸው። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ልጆቹ ግን እየሳቁ ተበተኑ።

«ፈቲያ ትባላለች» አሉ አባቷ። «ስምንተኛን በደህና ውጤት አለፈች፤ አልሐምዱሊላህ። አሁን ዘጠነኛ ከተማ ነው፣ እሱም የከሰዓት ፈረቃ። ከቤታችን እዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ዳገት ነው፣ በቀትር። እናቷ ፀሐይ ትገድልብኛለች አትሄድም ትላለች። መድኃኒት ካገኘሁ ትሄዳለች ብዬ ተከራክሬ መጣሁ።»

ጋሽ ታደሰ ለቅሶ ሄደው በቦታው አልነበሩም። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከማን እንደተረፈ የማይታወቅ፣ ጃንጥላና የባሕር ዳርቻ የተሳለበት ቢጫ ቱቦ እንዳለ አውቃለሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ባሕር ከተሳለበት ለውሃም ይሆናል አልኩ በሆዴ።

«ከቤት ስትወጪ አንዴ መቀባት ነው» አልኩ። «ቀኑን ሙሉ ይበቃሻል።»

ልጅቷ ከበሩ ወደ ባንኮኒው ቀረበች። ዓይኖቿ ብርሃን አይወዱም፤ ጠበብ አድርጋ ነው የምታየው።

«ሲያልበኝስ?» አለችኝ።

ቱቦው እጄ ላይ ነበር። ገልብጦ ማንበብ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

«ምንም አይሆንም» አልኳት።

አባቷ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑኝ። ከሄዱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መናገር ይከብዳል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አቶ ዩስፍ ብቻቸውን ተመለሱ። ቢጫውን ቱቦ ባንኮኒው ላይ በቀስታ አስቀመጡት። አልጮኹም፤ ድምፃቸው እንዲያውም ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ዶክተር፣ ልጅቷ ተቃጥላለች።»

የሆነው ቀላል ነው። ፈቲያ ሰኞ ዕለት ፊቷን፣ አንገቷንና ክንዷን ቀብታ ወጣች። መድኃኒት አለኝ ብላ ሻርፗን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ አዲስ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ቀን ተሸፋፍና መግባት አልፈለገችም። ከዳገቱ ግማሽ ሳትደርስ ክሬሙ ከላቧ ጋር ነጭ ሆኖ በአንገትጌዋ ወረደ። ማታ ቤት ስትደርስ ፊቷ አብጦ ነበር፤ በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። ትኩሳትም ያዛት።

ጋሽ ታደሰ ከውስጥ ሰምተው ወጡ። መነጽራቸውን አድርገው ቱቦውን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ውሃ ወይም ላብ ይቋቋማል የሚል አንድ ቃል የለበትም» አሉ። «በየሁለት ሰዓቱ፣ ካላበ ደግሞ ወዲያው ይደገም ነው የሚለው። ማን ነው አንዴ ይበቃል ያላት?»

«እኔ ነኝ።»

በሰውየው ፊት አልተቆጡኝም። የቃጠሎ ቅባትና የትኩሳት መድኃኒት አዘጋጅተው ሰጧቸው፤ ቁስሉ ካመረቀዘ ወይም ትኩሳቱ ካልበረደ ጤና ጣቢያ እንዲያደርሷት ነገሯቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሑድ ወርደሽ ቁስሏን ታያለሽ። የሆነውንም አንቺው በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን ቤት አስቀምጬ፣ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር ላይ ሲጠብቁኝ ከነበሩት ከአቶ ዩስፍ ጋር ቁልቁል ወረድኩ። ሐረር ተወልጄ አድጌ ያንን መንገድ በእግሬ ሄጄበት አላውቅም ነበር። ግራና ቀኙ ማሽላና ጫት ነው፤ መንገዱ ላይ ግን ለረጅም ርቀት ዛፍ የለም። ድንጋዩ ከሥር ያቃጥላል፣ አቧራው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ እሱ ሥር ጥቂት ደቂቃ ዐረፍን። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ወደ ታች እየወረድኩ እንኳ እንዲህ ካላበኝ፣ ሽቅብ ለሚመጣ ሰው ምን እንደሚሆን ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ። አቶ ዩስፍ መንገዱን ሁሉ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ መስኖ ውሃ ነበር የሚያወሩኝ። ስለ ልጃቸው አንድም ቃል አላነሱም።

ፈቲያ መስኮቱ በጨርቅ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጣለች። አፍንጫዋ ተልጧል፤ ጆሮዎቿና አንገቷ ላይ ቁስሉ መድረቅ ጀምሯል። እናቷ ወይዘሮ ሀሊማ በኦሮምኛ ፈጥነው ተናገሩ። አቶ ዩስፍ ሊተረጉሙልኝ ሲሉ ሴትዮዋ በእጃቸው ከለከሏቸውና ራሳቸው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ምንም አይሆንም ያልሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ዶክተር ነሽ?»

አቶ ዩስፍን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«አይደለሁም። መድኃኒት ሻጭ ነኝ። ላብ እንደሚያነሳው አላወቅኩም፤ ጽሑፉን አላነበብኩትም ነበር።»

ደጅ የፍየል ግልገል ይጮሃል። ወይዘሮ ሀሊማ «እንግዲህ ትምህርቱ አበቃ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለባላቸው ነበር የተናገሩት። እኔ ቅባቱን እንዴት እንደምትቀባ ለማሳየት ወደ መደቡ ቀረብኩ። ፈቲያ አንገቷን ወደ እኔ ዘንበል አድርጋ በሹክሹክታ፣

«ስጠይቅሽ ዓይንሽ ቱቦው ላይ አልነበረም» አለችኝ። «አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አመንሽኝ?»

«ማመን ፈልጌ ነዋ።»

ጣቴ ላይ ያለውን ቅባት ቀባኋት።

ስነሣ ፈቲያ ድምጿን ከፍ አድርጋ በኦሮምኛ ለእናቷ ተናገረች። አቶ ዩስፍ ደጅ ሲሸኙኝ የተናገረችውን ነገሩኝ። «መድኃኒቱ ነው የከዳኝ እንጂ እግሬ አልከዳኝም፤ ሌላ ይፈለግ» ነበር ያለችው። ከዚያም «ሰብለ፣ በደህና ግቢ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ነው የጠሩኝ።

ጋሽ ታደሰ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛቸው ደውለው ሁለት ዓይነት ክሬም በአውቶቡስ አስላኩ። የፈቲያ ቁስል ሲሽር አባቷ ይዘዋት መጡ፤ ወይዘሮ ሀሊማም አብረው ነበሩ። ሁለቱን ቱቦ ባንኮኒው ላይ ደረደርኩ። ላነብላት ስል ፈቲያ «ስጪኝ፣ እኔው ላንብበው» አለችና በጣቷ ፊደል በፊደል እየተከተለች፣ ያልገባትን እየጠየቀች አነበበች። ሁለቱም ውሃና ላብ ይቋቋማሉ። አንደኛው አርባ ደቂቃ ይላል፤ ቀጭን ነው፣ ሲቀባም አይታይም። ሌላው ሰማንያ ደቂቃ ይላል፤ ወፍራም ነው፣ ሲቀባ ፊት ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

«ሰማንያው» አለች።

«ፊትሽ ላይ እኮ ነጭ ይሆናል» አልኳት።

«በእኔ ላይ ማን ይለየዋል?» ብላ ሳቀች። ጋሽ ታደሰ የሳሉ መስለው ሳቃቸውን ዋጡ። ፈቲያ ግን ሒሳቧን አልጨረሰችም ነበር።

«መንገዱ ዘጠና ደቂቃ ነው። አሥር ይጎድላል።»

«ዋርካው ሥር ትቀመጫለሽ» አሉ አባቷ። «ላብሽን ጠርገሽ፣ አድርቀሽ፣ ደግመሽ ትቀቢያለሽ።»

«ክሬም ብቻውን ጋሻ አይደለም» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ ባርኔጣ። ክሬሙ ልብስ ላልሸፈነው ነው።»

ሁላችንም ወይዘሮ ሀሊማን አየን። ሴትዮዋ ሁለቱን ቱቦ በየተራ አንሥተው በእጃቸው መዘኑ፤ ማንበብ አይችሉም ነበር። በመጨረሻ ለልጃቸው በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማው ይመስለኛል፣ «ሻርፑን ካወለቅሽ ያን ቀን ትምህርቱ ያበቃል። ወላሂ!» አሉ።

በሚቀጥለው ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ፈቲያ በመድኃኒት ቤቱ በር ገባች። ከኋላዋ እናቷ ነበሩ። ዳገቱን ሁሉ አብረዋት ወጥተዋል። ወይዘሮ ሀሊማ ልጃቸውን ብርሃኑ ላይ አቁመው፣ ሻርፑን ገለጥ አድርገው፣ አንገቷን፣ ከጆሮዋ ኋላ፣ አፍንጫዋን በጣታቸው እየነኩ መረመሩ። ክሬሙ ነበረ። ቆዳው አልቀላም። ሴትዮዋ ሻርፑን መልሰው አስተካከሉላትና ወደ ኤረር በር ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ፈቲያ በየቀኑ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ትገባለች። ከቧንቧው ፊቷን ትታጠባለች፣ በንጹሕ ፎጣ ታደርቃለች፣ ደግማ ትቀባለች፣ ቆይታ ትሄዳለች። ብዙ አናወራም ነበር። ፈተና ሲደርስ አንዳንዴ እንግሊዝኛ ትጠይቀኛለች፤ የማላውቀው ቃል ሲመጣ መዝገበ ቃላት አወጣለሁ። እሷም እስካወጣ ትጠብቃለች።

አሥረኛን ጨርሳ የመምህራን ኮሌጅ ገባች። ዛሬ ድሬዳዋ ታስተምራለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ሠላሳ ዓመት ሲሆናት ጆሮዋ ላይ አንዲት አልሽር ያለች የካንሰር ቁስል ወጣችና ቶሎ ታይታ ተቆርጣ ተጣለች። ያች ቁስል ከዚያ ሰኞ ቃጠሎ ትምጣ፣ ከሕፃንነቷ ፀሐይ ትምጣ፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ሐኪም ጠይቄ ነበር። አይታወቅም አለኝ። አቶ ዩስፍ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል፤ አላህ ይርሐማቸው። ለቅሶ ስደርስ ወይዘሮ ሀሊማ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

መክሊት ሁሉንም አንገቷን ደፍታ አዳመጠችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው፣ ጥፋቴ አለማወቅ አልነበረም። ማንበብ እችል ነበር። ባላውቅም «አላውቅም፣ ቆይ ልይ» ማለት አፌ ውስጥ ነበር። ግን አንድ ትልቅ ሰው ዶክተር ብለውኝ፣ እዚያ ከፍታ ላይ ቆሜ መውረድ አልፈለግኩም። የተቃጠለው ደግሞ የሌላ ሰው ቆዳ ነው።

«ፈቲያ ይቅር አለችሽ?» አለችኝ መክሊት።

«ጠይቄያት አላውቅም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ ጋ ስትመጣ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በዚያ በር ገብታ፣ ፊቷን በሰጠኋት ፎጣ ጠርጋ ወጥታለች። እኔ ያንን እንደ መልስ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። ምናልባት ግን ፋርማሲው መንገዷ ላይ ስለነበረ ብቻ ይሆናል።