ያለሱ ከሠራ ሰርዘው

ፈትሂያ ፀዳ ከተማ ላይ ብየዳ ቤት አላት። ብየዳ ቤት ዕቃ የሚረከበው ተቆጥሮ ነውና፣ ለመጀመሪያ ፈጠራዋ፣ በበሬ ለሚጎተተው ድንች ማውጫ፣ የፓተንት ማመልከቻ ስትጽፍም «አራት የብረት ጥርስ ያለው» አለች። ፓተንቱ ተሰጣት። በዓመቱ አንድ ነጋዴ አንዲት ጥርስ ጨምሮ ያንኑ ማሽን ኮሶዬ ገበያ ላይ ይሸጥ ጀመር። ከሰሰችው። «የእሷ ወረቀት አራት ይላል፤ የእኔ አምስት ነው» ብሎ ረታት።

ዘንድሮ የነጭ ሽንኩርት መላጫ ማሽን ሠራች። ማመልከቻ የሚያረቅላት ወንዴ «ሁለት የላስቲክ ሮለርና የብረት ክዳን ያለው» ብሎ ጽፎ መጣ።

ፈትሂያ መፍቻዋን አነሳች። ክዳኑን ፈትታ ማሽኑን አስነሳችው፤ ይልጣል።

«ያለሱ ከሠራ ሰርዘው!»

በላስቲኩ ፈንታ ሻካራ እንጨት ገጠመች፤ አሁንም ይልጣል። ላስቲክም ተሰረዘ። በመጨረሻ የሮለሮቹን ፍጥነት እኩል አደረገችው። ሽንኩርቱ ከነልጣጩ ወደቀ።

«ይኸውልህ የእኔ ፈጠራ! ‹በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ሻካራ ሮለሮች› ብለህ ጻፍ።»

«ጥያቄሽ ሰፋ እኮ እታለም፤ የፓተንት ቢሮው መርማሪ ይመልሰዋል።»

«ይመልሰው! ማሽኑን ተሸክሜ ሄጄ ፊቱ እፈታታዋለሁ። ከእንግዲህ ግን ማንም ጥርስ ቆጥሮ አያመልጠኝም!»