ጎማው ሳይገባ አባቴ አይገባም

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ መኪናውን በክሪክ ሲያነሳ ያ «ቂው፣ ቂው» የሚለው የብረት ድምፅ በመስኮት ገብቶ፣ ሻዬን እንደያዝኩ ሐይቅ ከተማ ወዳለው የልጅነት ግቢያችን ወሰደኝ። አባቴ ከሐይቅ ደሴ የሚሠራ ሚኒባስ ነበረው፤ ከማርጀቱ የተነሳ መንገድ ላይ ከሚውልበት ግቢያችን ውስጥ የሚውልበት ቀን ይበዛ ነበር፤ አባቴ ግን ጋራዥ መሄድን እንደ ሽንፈት እየቆጠረ ሁሉንም ራሱ ፈትቶ ራሱ ይገጥም ነበር።

በበጋ መሬቱ ስለሚጠነክር ሥራው ቀላል ነበር። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ሸጉጦ፣ ብሎኖቹን መኪናው ሳይነሳ ላላ አድርጎ ክሪኩን ማዞር ይጀምር ነበር። ጭቅጭቁ ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ መሪ ነክታ ባታውቅም፣ ደሴ መካኒክ የነበረው ወንድሟ «ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም» ያላትን አጥብቃ ይዛ፣ የተፈታው ጎማ ከሻንሲው ሥር ተጋድሞ ካልገባ አባቴን አታስገባውም ነበር። የመኪናውን ቁልፍም ተቀብላ ሻሿ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች።

«አብሽሪ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» ይላታል።

«ለአምስት ደቂቃ ሥራ ነው እንግዲህ ዕድሜ ልኬን የማለቅሰው?»

ክረምት ሲገባ ጭቅጭቁም ይብስ ነበር፤ ጭቃው ክሪኩን ስለሚውጠው ከሥሩ ጣውላ ይነጠፋል፣ ጣውላው ይንሸራተታል፣ አባቴ ይነጫነጫል፣ እናቴ ግን ፍንክች አትልም። እኔ በልቤ ከአባቴ ጋር ነበርኩ፤ እናቴ ነገር የምታበዛ ይመስለኝ ነበር።

በየመስከረሙ የሰፈራችንን ክርስቲያኖች ለግሸን ንግሥ የሚያደርሳቸው አባቴ ነበር። አንድ ዓመት ታዲያ ለጉዞው አንድ ቀን ሲቀረው የኋላ ፍሬኑ ቱቦ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። አባቴ ቸኩሎ «ለዛሬ እንኳ ተይኝ» ብሎ ቢለምናትም እናቴ ጎማውን ሳታስገባ አልለቀቀችውም፤ እሱም እያጉረመረመ ከሥር ገባ።

ጎረቤታችን እማማ ይመኙሻል ከኋላ ከተቀመጡ ያቅለሸልሻቸው ነበርና የፊት ወንበር እንዳይቀደሙ በዋዜማው ቦታ ሊይዙ መጡ። እናቴና እኔ ውኃ ስንቀዳ፣ እሳቸው የበሶ ቋጠሯቸውን ይዘው በወዲያኛው በር ዘው ብለው ገቡና «ይቺን ቦታ የሚነካ ወዮለት!» እያሉ ተደላደሉ። መኪናው ተወዛወዘ፣ ጣውላው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፣ ክሪኩ ወደቀ፣ መኪናውም «ጧ!» ብሎ ወረደ።

ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ፤ አይንቀሳቀሱም።

«ሰይድ! ኧረ ሰይድ!» እናቴ ጭቃው ውስጥ በጉልበቷ ወደቀች። መልስ የለም። እኔ ባልዲውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ያ ዝምታ ስንት ጊዜ እንደቆየ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እማማን አውርዱልኝና ልውጣ!» አለ በመጨረሻ ከሥር።

መኪናው ጎማው ላይ አርፎ ነበር። አባቴ ፊቱ ጭቃ ብቻ ሆኖ እየተሳበ ወጣና «አልሐምዱሊላህ» አለ። እማማ ይመኙሻል እያለቀሱ «የግሸኗ እመቤት ናት ያተረፈችህ!» አሉ።

«ሁሉም ደግ» አለች እናቴ፤ «ጎማውን ግን ማን ነው ያስገባው?»

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነበር። በማግስቱ እማማ ይመኙሻል የፊት ወንበራቸው ላይ ሆነው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አባቴ ሳይጠየቅ ጎማውን ያስገባ፣ ቁልፉንም ራሱ ወስዶ ለእናቴ ይሰጣት ነበር።

አሁን ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። መኪናዬ ስትበላሽ ጋራዥ እወስዳታለሁ፤ እዚያ ማሽን ነው የሚያነሳት፣ የሚጨቃጨቅም የለም። አባቴ አርጅቷል፤ በየቀኑ ይደውልልኝና ጉልበቱን፣ የባጃጆቹን ጩኸት፣ የዘመኑን ሹፌሮች ሲያማርር አንድ ሰዓት ይሞላዋል። ታናሽ እህቴ ለሁለት ደቂቃ አትታገሠውም፤ «አንቺ እንዴት ነው የምትችይው?» ትለኛለች። እሷ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበረች፤ ያን ዝምታ አልሰማችውም።