ከቄቦቹ መሃል የወሸቅኳቸው ዳክዬዎች

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ፍረዱብኝ።

ዶሮ ነጋዴ ነኝ። ከይፋግ ገበያ ቄብ ዶሮ እየሰበሰብኩ ደብረ ታቦርና ገሳይ እሸጣለሁ። በዚያ ዓመት አንድ የደብረ ታቦር ባለሆቴል ለግቢው ኩሬ የዱር ዳክዬ አምጣልኝ አለኝ። ከይፋግ በታች ካለው ሐይቅ ዳር በወጥመድ ከሚይዙ ሰዎች ሁለት ገዛሁ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ነበር። አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ወደ ደጋው ስንወጣ ብርዱ እንዳይገድላቸው ብዬ ከቄቦቹ ቅርጫት መሃል ወሸቅኳቸው። የደከመች ዶሮም የምናድነው እንዲሁ በሌሎቹ ሙቀት ነው።

ደብረ ታቦር ሳንደርስ ሁለቱም ሞቱ። ገደል ወረወርኳቸው። ቄቦቹን ግን ሸጥኳቸው። ለማን? እዚያው ደብረ ታቦር ለጎረቤቴ ለትርንጎ፤ አረብ አገር ለፍታ የቋጠረችውን ሁሉ ዶሮ እርባታ ላይ ላዋለችው ልጅ። የተረፉትን ገሳይ ወሰድኩ።

ብዙም ሳይቆይ የትርንጎ ዶሮዎች ፊታቸው እያበጠ ያልቁ ጀመር። እኛ ፈንግል ነው አልን፤ ዶሮ ባለቀ ቁጥር የምንለው ይህንኑ ነው። ሎሚ እየጨመቀች አጠጣቻቸው። የእንስሳት ሐኪሙ ግን የወፍ ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም አለና እኔን ጠየቀኝ፤ «ከዱር ወፍ ጋር ተነካክተው ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። እውነቱን ብናገር ሐኪሞቹ ገሳይ ሄደው በሽታውን በጊዜ ይደርሱበት አልነበር? ሳይሄዱ ቀሩ፤ እዚያም የስንቱ ቤት ዶሮ አለቀ።

ትርንጎ ከባዶው ቆጥ ሥር ቁጭ ብላ «ምን በድያቸው ነው?» ስትለኝ ከዚያም የባሰ አደረግሁ። «አረብ አገር ኖረሽ የደጋውን ብርድ ረሳሽው፤ ብርድ አስመትተሻቸው ነው» አልኳት። አመነችኝ። እንዴት አታምነኝ? እንደ ታላቅ ወንድሟ ነበር የምታየኝ። ሰፈሩም ዶሮ እንኳ ማርባት ያቃታት እያለ አማት። ሁለተኛ አልሰደድም ብላ የማለችው ልጅ ተመልሳ ተሰደደች። ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩና «በሰላም ግቢ» ብያት ተመለስኩ።

አላወቅኩም ብዬ ላመካኝ? በሽታውን አላወቅኩም፤ ውሸቴን ግን አውቀው ነበር። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ትርንጎ ከደወለች ዓመት አልፏታል። እናቷ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄን እስከ መኪናው በር ያልተለየሃት፣ እግዜር የእጅህን ይስጥህ» ይሉኛል። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ አሜን እላለሁ።